ወንበር መለወጥ፦ የሉዊስ ሃሚልተን የ2012 ውሳኔ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ሰው ውሳኔ ነው። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

ሴፕቴምበር 23 ቀን 2012፣ ሲንጋፖር። የፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድሩ በከተማው ጎዳና ላይ፣ በሌሊት፣ በመብራት ነው። እንግሊዛዊው ሉዊስ ሃሚልተን ከሁሉም ፊት ተነሥቶ እየመራ ነው። 23ኛው ዙር ላይ ካምቢዮው ተበላሸ። መኪናውን ዳር አስይዞ ወረደ፤ ሴባስቲያን ፌትል አለፈውና ውድድሩን አሸነፈ። በአምስተኛው ቀን፣ ሴፕቴምበር 28፣ ሃሚልተን ቡድኑን ማክላረንን ለቅቆ ከ2013 ጀምሮ በሦስት ዓመት ውል ለመርሴዲስ ቡድን እንደሚነዳ ተነገረ።

ብዙ ሰው ሁለቱን ነገር ያያይዛቸዋል፤ ካምቢዮው ተሰበረና ተናዶ ሄደ ይላል። እኔ አልቀበለውም። ድርድሩ ከሲንጋፖር በፊት ተጀምሯል። የመርሴዲሱ አለቃ ሮስ ብራውን የሃሚልተን እናት ቤት ድረስ ሄዶ፣ ማዕድ ቤት ተቀምጦ፣ ሻይ እየጠጣ ዕቅዱን አስረድቷል። ለልጅቱ ቤት ሽማግሌ የሚልክ አገር ልጅ የዚህን ትርጉም አያጣውም። ከብራውን ሌላ ኒኪ ላውዳም አግባብቶታል። ላውዳ የሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ነበር፤ እሱ ራሱ በ1977 ሻምፒዮን በሆነበት ዓመት ፌራሪን ትቶ የሄደ ሰው ስለነበር ምክሩን ከኑሮው አውጥቶ የሚሰጥ ነበር።

ውሳኔው ለምን እንደከበደ ለመረዳት ይህን ስፖርት ከእግር ኳስ ዝውውር መለየት ያስፈልጋል። ኳስ ተጫዋች ክለብ ሲለውጥ እግሩን ይዞ ይሄዳል፤ ትናንት ያገባበት እግር ነገም አብሮት ነው። የመኪና ተወዳዳሪ ግን የሚያሸንፍበትን ነገር ጥሎ ነው የሚሄደው። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ፍሬኑ፣ በጆሮው የሚናገረው መሐንዲስ ሁሉ በአሮጌው ቤት ይቀራል። አዲሱን መኪና ደግሞ ፊርማውን ሲያኖር ገና አላየውም፤ መኪናው ራሱ ገና አልተሠራም።

በዚያ ዓመት ሰንጠረዡ የሚናገረው ግልጽ ነበር። ማክላረን በ2012 ሰባት ውድድር አሸንፏል፤ አራቱ የሃሚልተን፣ ሦስቱ የጄንሰን በተን። መርሴዲስ በ2010 በራሱ ስም ከተመለሰ ወዲህ ያሸነፈው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ኒኮ ሮዝበርግ በቻይና ያገኘው። ስለዚህ ገንዘብ አማልሎት ነው፣ የሻምፒዮንነት ዘመኑን ቀበረ የሚሉ ተንታኞች በዙ። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚለው ተረታችን የተነገረው ለዚህ ቀን ይመስል ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የውለታው ነገር ነው። በ1995፣ የ10 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ሃሚልተን በአንድ የሽልማት ምሽት ወደ ማክላረን አለቃ ወደ ሮን ዴኒስ ቀርቦ አንድ ቀን ለእሱ ቡድን መንዳት እንደሚፈልግ ነገረው። በ1998 ቡድኑ የ13 ዓመቱን ልጅ አስፈረመ። የልጁን የውድድር ወጪ ለመቻል ከአንድ በላይ ሥራ ይሠራ የነበረው አባቱ አንቶኒ ያን ጊዜ ነው ሸክሙን የሚጋራው ያገኘው። በ2007 ፎርሙላ ዋን አስገቡት። በ2008 ብራዚል ላይ፣ በመጨረሻው ዙር፣ ሊጠናቀቅ ጥቂት ኩርባ ሲቀር ቲሞ ግሎክን አልፎ በአንድ ነጥብ ልዩነት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ስድስት የውድድር ዘመን፣ 110 ውድድር፣ 21 ድል። ይህን ቤት ጥሎ መሄድ ያሳደገን ቤት ጥሎ መሄድ ነው።

ውለታ በላ ያሉት ነበሩ። እኔ ግን ከውሳኔው በኋላ የቀሩትን ስድስት ውድድሮች እመለከታለሁ። አቡ ዳቢ ላይ እየመራ መኪናው ቆመበት። ኦስቲን ላይ አሸነፈ። ለማክላረን የመጨረሻው በሆነው በብራዚልም እየመራ ሳለ ከኒኮ ሁልከንበርግ ጋር ተጋጭቶ ወጣ። ልቡ የሸፈተ ሰው እንዲህ አይነዳም።

እንግዲህ በዚያ ሴፕቴምበር ሃሚልተን ምን ያውቅ ነበር? አንድ ትልቅ ነገር ይታወቅ ነበር፤ በ2014 ሞተር ሁሉ እንደ አዲስ ይጀመራል። ባለ 8 ሲሊንደሩ 2.4 ሊትር ሞተር ቀርቶ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 1.6 ሊትር፣ ቱርቦ ያለው ሞተር ይተካል። ከፍሬንና ከጭስ ሙቀት የሚባክነው ኃይል ተይዞ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል። ለአንድ ውድድር የሚፈቀደው ነዳጅ ከ100 ኪሎ አይበልጥም። እንዲህ ሲሆን ሞተሩንና መኪናውን አንድ ቤት ሆኖ የሚሠራ ይጠቀማል። መርሴዲስ ሞተሩን ብሪክስዎርዝ፣ መኪናውን ብራክሊ ይሠራ ነበር፤ ሁለቱም እንግሊዝ አገር፣ ሁለቱም የአንድ ኩባንያ ነበሩ። ማክላረን ግን ሞተሩን የሚያገኘው ከዚያው ከመርሴዲስ ነበር። ሃሚልተን ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ስድስት ዓመት የነዳው በዚያ ሞተር ነው።

የማያውቀው ብዙ ነበር። የብሪክስዎርዝ መሐንዲሶች ቱርቦውን ለሁለት ከፍለው፣ አየር የሚጨምቀውን ክፍል ከሞተሩ ፊት፣ በጭስ የሚዞረውን ከኋላ አድርገው፣ በመካከል ረጅም ዘንግ እንዳስገቡ ዓለም ያወቀው በ2014 ነው። በዚያ ብልሃት ቀዝቃዛው አየር ከሙቁ ጭስ ራቀ፤ ማቀዝቀዣውም አነሰ። በዚያ ዓመት መርሴዲስ ከ19 ውድድር 16ቱን አሸነፈ፤ 11ዱ የሃሚልተን ናቸው። በ2014፣ 2015፣ 2017፣ 2018፣ 2019 እና 2020 ሻምፒዮን ሆነ። ማክላረን በበኩሉ በ2013 አንድ ጊዜ እንኳ መድረክ ላይ ሳይወጣ ዓመቱን ፈጸመ።

አሁን የምለውን በጥሞና ስሙልኝ። እነዚህ ስድስት ዋንጫዎች የውሳኔውን ልክነት አያረጋግጡም። ሃሚልተን ነቢይ አልነበረም። የመዘነው በእጁ በነበረው ማስረጃ ነው፤ ሚዛኑም ያ ማስረጃ መሆን አለበት።

ፈርናንዶ አሎንሶን እንይ። የ2005 እና የ2006 ሻምፒዮን፣ በፌራሪ ሦስት ጊዜ ሁለተኛ የወጣ ሰው። ለ2015 ፌራሪን ትቶ ማክላረን ገባ፤ ምክንያቱም ሆንዳ ሞተሩን ለማክላረን ብቻ ሊሠራ ተመልሶ ነበር። ሐሳቡ ከሃሚልተን ሐሳብ ብዙ አይርቅም፤ ሞተር ሠሪና መኪና ሠሪ ተዋህደው ሲሠሩ ይበረታሉ የሚል ነው። ታሪኩም ደጋፊው ነበር፤ ማክላረንና ሆንዳ በ1988 ከ16 ውድድር 15ቱን አሸንፈዋል። ውጤቱ ግን ለአሎንሶ በዓመቱ 11 ነጥብ ሆነ፤ አንድ ውድድር ማሸነፍ ብቻውን 25 ነጥብ በሚያስገኝበት ስፖርት። ሞተሩ ከመጠን በላይ ጠብቦ እንዲታሸግ ተደርጎ ስለነበር፣ ከጭሱ የሚገኘው ኃይል አይበቃም፤ ረጅሙ ቀጥታ መንገድ ሳያልቅ የኤሌክትሪክ ጉልበቱ ያልቃል። ያው ሆንዳ በ2021 ማክስ ፈርስታፐንን ሻምፒዮን አደረገ።

አሎንሶ ሞኝ አልነበረም። አንድ ነገር ግን ከሚዛኑ የጎደለ ይመስለኛል፤ ጊዜ። ሆንዳ እመለሳለሁ ያለው በ2013 ነው፤ ለውድድር የቀረበው በ2015። መርሴዲስ በሃሚልተን ፊርማ ቀን የአዲሱን ሞተር ሥራ ጀምሮት ነበር። ተወዳዳሪ ወንበር ሲለውጥ የሚፈርመው ለሌሎች ሰዎች የሥራ ሰዓት ነው፤ ስንት ሰዓት እንደሠሩና ስንት እንደቀራቸው መጠየቅ አለበት።

ሃሚልተን በፌብሩዋሪ 2024 ወደ ፌራሪ እንደሚሄድ ሲያስታውቅ የ2012ን ውሳኔ እያነሡ ያወደሱት ሰዎች፣ የ2025 ዘመን በዋናው ውድድር አንድም መድረክ ሳይወጣ ሲያልቅ ተሳሳተ አሉት። ሁለቱንም ጊዜ የመዘኑት ሰውየውን ሳይሆን ሰንጠረዡን ነው።

ወደ 2013 ልመልሳችሁ። ማርች 24፣ ማሌዥያ፣ ሴፓንግ፣ የአዲሱ ቤት ሁለተኛ ውድድር። ዝናብ ጥሎ መንገዱ እየደረቀ ነው፤ ሃሚልተን ጎማ ሊያስለውጥ ገባ። መሪውን አዙሮ ቆመ፤ የቆመው ግን ማክላረኖች ፊት ነው። የቀድሞ መካኒኮቹ ጎማ ይዘው የሚጠብቁት እሱን አልነበረም፤ እጃቸውን እያወዛወዙ ወደፊት እንዲያልፍ ጠቆሙት። ጥቂት ሜትር ነድቶ ከራሱ ሰዎች ዘንድ ደረሰ፤ አራቱን ጎማ ለወጡለት። ውድድሩን ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ።