ጉዋሽ፦ የሚሸፍን የውሃ ቀለም

(በንባብ ክፍል ለሥዕል ቡድን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ጉዋሽ ስለሚባለው ቀለምና በእርሱ ሥዕል ስለሚሠራበት መንገድ ነው። ስሙ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ፈረንሳዮቹም ከጣሊያኖች ነው የወረሱት። በጽሕፈት መሣሪያ መደብር ፖስተር ከለር እየተባለ በብልቃጥ የሚሸጠው የቅርብ ዘመዱ ስለሆነ፣ ስለ አንዱ የምንለው አብዛኛው ለሌላውም ይሠራል። በመካከላችሁ እጃቸው ለሥዕል የተፈታ ወጣቶች አሉ። እኛ ደግሞ ትምህርት ሲከፈት ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመላሾች ነን። የቀለሙ ሣጥን ግን እዚሁ ይቀራል። ስለዚህ የምናውቀውን ሳናስቀር ብናስረዳችሁ ይሻላል ብለን ነው።

በመጀመሪያ ቀለሙ ከምን እንደሚሠራ እንይ። ማናቸውም ቀለም ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ይኸውም መልክ የሚሰጥ ዱቄትና ዱቄቱን ከወረቀቱ ጋር የሚያጣብቅ ነገር ነው። በዘይት ቀለም ዱቄቱን የሚይዘው ዘይት ነው። በጉዋሽ የሚይዘው የግራር ሙጫ ነው። አዎን፣ እረኞች ከግንዱ እየለቀሙ የሚያኝኩት ሙጫ! ከምዕራብ አፍሪካ ጀምሮ እስከ ሱዳንና እስከ እኛው አገር ቆላ ድረስ ከሚበቅል ግራር ይለቀማል፤ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። የብራና ጸሐፊዎቻችንም ጥቁሩን ቀለም ሲያዘጋጁ ጥቀርሻውን የሚያስይዙት በሙጫ ነው። እንግዲህ ቱቦው ከውጭ አገር ቢመጣም ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም።

ተራው የውሃ ቀለምም የሚያዘው በዚሁ ሙጫ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ምን ላይ ነው? የውሃ ቀለም ስስ በመሆኑ ወረቀቱ ከሥሩ ይታያል። ሠዓሊው ነጭ ሲፈልግ ወረቀቱን ሳይነካ ይተወዋል፤ አንዴ ካጠቆረው መመለሻ የለውም። ጉዋሽ ውስጥ ግን ዱቄቱ በዛ ያለ ነው፤ አንዳንድ ፋብሪካም እንደ ጠመኔ ያለ ነጭ ዱቄት ይጨምርበታል። በዚህ ምክንያት ይሸፍናል። በጥቁር ላይ ነጭ፣ በአረንጓዴ ላይ ቢጫ መቀባት ይቻላል። ሲደርቅም አያብረቀርቅም። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሥዕሉ ለኅትመት ፎቶግራፍ ሲነሣ ብርሃን መልሶ አያስቸግርም፤ ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት የመጽሐፍና የማስታወቂያ ሠዓሊዎች ጉዋሽን የሚመርጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር።

የመሸፈንን ጥቅም ለመረዳት አንድ የቆየ ሥዕል እንጥቀስ። አልብረኽት ዱረር የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1502 አንዲት ጥንቸል ሥሏል። ሥዕሉ ቪየና ከተማ አልበርቲና በሚባለው ሙዚየም ይገኛል። ዱረር በመጀመሪያ ስስ ቡናማ የውሃ ቀለም በጥንቸሏ ሰውነት ላይ አለበሰ። ከዚያ ላይ በቀጭን ብሩሽ ጠቆር ያለውንም ነጣ ያለውንም ጠጉር አንድ ባንድ ጨመረ። ነጣ ያሉት ጠጉሮች ከላይ የተጨመሩት በሚሸፍን ቀለም ነው። ያየው ሰው እጁን ሰዶ ሊዳብሳት ይቃጣዋል። በቅርቡ ዘመን ደግሞ የጃፓኑን ካዙዎ ኦጋን ማንሣት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1988 ለሕዝብ በቀረበው «ጎረቤቴ ቶቶሮ» በተባለው የካርቱን ፊልም ውስጥ ዛፉ፣ ሣሩ፣ የሩዝ ማሳው የተቀባው በእርሱ መሪነት፣ በፖስተር ከለር ነበር። የተማሪ ቀለም ነው ብሎ የሚንቀው ሰው ካለ ይህን ፊልም አይቶ ይፍረድ።

ነገር ግን ጉዋሽ አንድ አስቸጋሪ ጠባይ አለው። ከደረቀም በኋላ ውሃ ሲነካው ይነቃል። ከላይ የምትቀቡት ቀለም ውሃ ከበዛበት የታችኛው ተነሥቶ ይቀላቀለዋል። ነጩ ግራጫ፣ ቢጫው ጭቃ ይሆናል። ብሩሹ በአንድ ቦታ ላይ በተመላለሰ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ስለሆነም በዚህ ሥራ ከሁሉ የሚከብደው የውሃው ልክ ነው። እጅ የሚለምደውም እርሱን ነው።

አሁን ወደ ሥዕላችን እንምጣ። የምንሠራው የምንጩን ሥዕል መሆኑን ታውቃላችሁ። ምንጩ ታጥሯል፤ ሰው ከላይ ከቧንቧው ይቀዳል፤ ከብቱ ወደ ታች ወርዶ ከገንዳው ይጠጣል። ባለፈው ከከተማ የመጣው የታተመ ሥዕል ይህንኑ ለማሳየት የተሠራ ነበር። ሆኖም ከብቶቹም፣ አፈሩም፣ አጥሩም አንድ ዓይነት ቡናማ ሆነው ወጥተዋል። አንድ አባት ቀርበው ትክ ብለው አዩትና «ውሃውስ እሺ፤ ከብቱ የታለ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። የሥዕሉ ቁም ነገር ከብቱ ከየት ይጠጣል የሚለው ነው፤ ከብቱ ካልታየ ሰውየው ከብቱን እንደ ድሮው ምንጩ ራስ ላይ ይነዳዋል። በተበከለው ውሃ በተቅማጥ የሚወድቁት ደግሞ ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ በዚህ ሥዕል ላይ ማማር ቀርቶ መታየት ይቅደም ብለናል።

ለዚህ ሲባል ሥራው በእርሳስ ይጀመራል። የክብሪት ቀፎ በሚያህል ቦታ ላይ አራት አምስት ትንንሽ ንድፎች ታወጣላችሁ። ዓይንና አፍንጫ አይሣልም፤ ሦስት ነገር ብቻ ይለያል፦ ነጭ፣ ግራጫና ጥቁር። ከብቶቹ ጥቁር ከሆኑ የቆሙበት መሬት ይንጣ። ቀጂዋ ሴት ነጭ ቀሚስ ከለበሰች ከኋላዋ ያለው ቁጥቋጦ ይጥቆር። ከዚያ ንድፉን ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ፣ አሥር እርምጃ ርቃችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩት። ከብቱና ሴትየዋ ተለይተው ከታዩ ይበቃል። ካልታዩ ምንም ያህል ቀለም ቢፈስበት አይድንም፤ ሌላ ንድፍ አውጡ። ወረቀትና ቀለም ውድ ነው፣ እርሳስ ግን ርካሽ ነው።

የተመረጠውን ንድፍ በሥዕሉ ልክ በሌላ ወረቀት ላይ አሳድጉት። የወረቀቱን ጀርባ በለስላሳ እርሳስ ወይም በከሰል ታሹታላችሁ፤ በዋናው ወረቀት ላይ አንጥፋችሁ መስመሩን በሹል ነገር ትከተሉታላችሁ። እንዲህ ሲደረግ ዋናው ወረቀት በላጲስ አይቆስልም። ዋናው ወረቀት ወፍራም መሆን አለበት። ስሱ ውሃ ሲነካው ይኮማተራል። ወፍራሙንም ቢሆን አራቱን ጠርዝ በፕላስተር ከጣውላ ጋር አጣብቁት። ሥራው አልቆ ፕላስተሩ ሲላጥ ዙሪያውን ንጹሕ ነጭ ጠርዝ ይተዋል፤ እሱም ያምራል።

ጥቁር ቱቦ ለምን አልመጣም ብላችሁ ጠይቃችሁን ነበር። ያመጣነው ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ቡናማና ነጭ ነው፤ ነጩ በብዛት ስለሚያልቅ ሁለት ቱቦ ነው። ሰማያዊና ቡናማ ሲደባለቁ ከጥቁር የማይተናነስ ጠቆር ያለ ቀለም ይሰጣሉ፤ ከጥቁሩ ቱቦ ይልቅም ሕይወት አለው። አረንጓዴ ከቢጫና ከሰማያዊ ይገኛል። በጣም ከጮኸ ጥቂት ቀይ ጠብ ይደረግበትና ረጋ ይላል። የሰው ቆዳ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ ጀማሪ ፊትን ለማንጣት ወደ ነጩ ቱቦ ይሮጣል፤ ነጭ ሲበዛበት ፊቱ አመድ የነካው ይመስላል። ቡናማውን በቀይ አሙቁት፣ ብርሃን የሚያርፍበትን በቢጫ አፍኩት፤ ነጩ በመጨረሻ እንደ ጨው በጥቂቱ ይግባ። በዚህ ሥዕል ላይ ደማቁ ቢጫ ለአንድ ነገር ብቻ ይቀመጥ፤ እርሱም ለጀሪካኑ ነው። ሌላው ሁሉ ረጋ ካለ ዓይን መጀመሪያ ወደ ቧንቧው ይሄዳል።

ቀለም ሲደባለቅ ለቦታው ከሚበቃው ትንሽ ተርፎ ይደባለቅ። መሐል ላይ ካለቀ ያንኑ መልሶ ማግኘት እጅግ ያስቸግራል። ምክንያቱም ጉዋሽ ሲደርቅ መልኩን ይለውጣል፦ ነጣ ያለው ጠቆር ይላል፤ ጥቁሩ ደግሞ ነጣ ይላል። በሳህኑ ላይ ያለውን እርጥብ ቀለም አይታችሁ አትፍረዱ። ከዚያው ወረቀት በተቆረጠ ቁራጭ ላይ ቀብታችሁ፣ እስኪደርቅ ጠብቃችሁ ነው የምትፈርዱት። ትዕግሥት ያስጨርሳል፤ ቢሆንም ሌላ መንገድ የለውም።

አሁን ወደ መቀባቱ። እናቶች የሽሮን ውፍረት በዓይን ብቻ እንደሚያውቁት ሁሉ፣ የቀለምም ውፍረት በዓይን ይታወቃል። የመጀመሪያው ልባስ እንደ ሻይ ይቅጠን። በሰፊ ብሩሽ ሰማዩ፣ መሬቱ፣ ቁጥቋጦው በጅምላ ይያዝ፤ ነጭ ቦታ አይቅር። ሁለተኛው እንደ ወተት ይሁን። በዚህ ጊዜ የከብቶቹ፣ የአጥሩ፣ የሴትየዋ ቅርጽ ሙሉ ለሙሉ ይሸፈናል። የመጨረሻው እንደ እርጎ ወፈር ይበል፤ ይኸውም ለብርሃኑ፣ ለቀሚሱ ጥለት፣ ለውሃው ፍንጣቂ ነው። ከዚያ አልፎ እንደ ቅቤ ከተለጠፈ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ከቀጭን ወደ ወፍራም፣ ከጠቆረ ወደ ነጣ፣ ከሰፊ ብሩሽ ወደ ትንሽ፤ አካሄዱ ይህ ነው።

አንዱ ልባስ ሳይደርቅ ሌላው አይከተል። ከላይ የሚመጣው ቀለም ከታችኛው ውሃው ያነሰ ይሁን። ብሩሹ ቦታው ላይ አንዴ አረፍ ይበልና ይነሣ፤ አትሹት። ሁለት ጣሳ ውሃ ይኑር፤ አንዱ ብሩሽ ማጠቢያ፣ ሁለተኛው ለቀለሙ ማቅጠኛ። በአንድ ጣሳ ሁለቱንም የሚያደርግ ሰው ነጩ ለምን እንደደፈረሰ ሲገረም ይውላል።

ሰማዩ ወደ ታች እየነጣ እንዲሄድ ከተፈለገ ሁለቱ ቀለሞች ገና እርጥብ ሳሉ በሚገናኙበት ላይ እርጥብ ብሩሽ ይተላለፍበታል። ከደረቀም አይጨነቁ፤ ቀለሙ ውሃ ሲነካው ይነቃል ብለን የለ? በትንሽ እርጥበት ጠርዙን ማለስለስ ይቻላል። ያ አስቸጋሪ ያልነው ጠባይ እዚህ ላይ ጠቃሚ ይሆናል። ለሣር ክዳንና ለከብት ጠጉር ደግሞ ብሩሹ ወፍራም ቀለም ከነካ በኋላ በጨርቅ ይጠረግና ደረቅ እንዳለ ወረቀቱን ጫር ጫር ያደርገዋል። አንድ ሺህ ጭረት ከመሣል ያድናል።

የብሩሽን ጫፍ ለማሾል በምላስ ማርጠብ የተለመደ ነው፤ እባካችሁ ተዉት። አንዳንዱ ቢጫና ቀይ ካድሚየም የሚባል ለጤና የማይበጅ ማዕድን አለበት። ጫፉን በጣት አሹሉት። ማታ በሳሙና ታጥቦ፣ ጠጉሩ ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጥ። ጣሳ ውስጥ ተዘቅዝቆ ያደረ ብሩሽ ከእንግዲህ የመጥረጊያ ያህል ነው።

ያለቀው ሥዕል የት ይሰቀል? የቤቱ ክዳን በሚያፈስበት በኩል አይሆንም፤ አንዲት ጠብታ የሳምንት ሥራ ታበላሻለች። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታውም ግድግዳ አይሆንም፤ አንዳንዱ ቀለም ይለቅቃል። መስተዋት ቢገኝ ደግ ነበር፤ ካልተገኘ ላስቲክ ይሸፈንበት፣ ግን ቀለሙን አይንካው። ሲነኩት የእጅ ምልክት ይይዛል፤ ስለዚህ ልጆች በማይደርሱበት ከፍታ ይሁን።

ቱቦው ሲያልቅስ? ዱቄቱንና ሙጫውን አገር ቤት ማግኘት ይቻላል። አንድ እጅ ንጹሕ የግራር ሙጫ በሁለት እጅ ለብ ያለ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ አድሮ ሲሟሟ በጨርቅ ይጠለላል። ከዚያ የተነፋ ቀይ አፈር ወይም የላመ ከሰል በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ከሙጫው ጋር እስኪልም ይታሻል። ነጩ በጠመኔ ይሞከራል፤ ሆኖም እንደ ቱቦው ነጭ አይሸፍንም። ጥቂት ማር ጠብ ቢደረግበት ቀለሙ ቶሎ አይሰነጠቅም። ልኩን ለማወቅ ቀብታችሁ ሲደርቅ በጣት እሹት። ዱቄቱ በጣት ላይ ከወጣ ሙጫ አንሶታል። ከተሰነጠቀና ካብረቀረቀ ሙጫ በዝቶበታል።

ሙጫውን ዛሬ ማታ እኛ እንዘፈዝፋለን። ነገ ከሰዓት በኋላ ስትመጡ ከወንዙ ማዶ ካለው ገደል ቀዩን አፈር አንድ አንድ እፍኝ፣ እንዲሁም ከየቤታችሁ ከሰል ይዛችሁ ኑ። ወንፊት ያላችሁም አትርሱ።