ጠመንጃ በሲቪል ሰው እጅ



ቃታው በተሳበ ቍጥር ጥይቱን ራሱ እያጎረሰ የሚተኩስ ጠመንጃ በሲቪል ሰው እጅ ሊኖር ይገባልን? እኔ አይገባም ከሚሉት ወገን ነኝ። አያቴ ይህን ሲሰሙ ተቈጥተው፣ «ወንበዴ ታጥቆ ቢመጣ ከብቴን በምን ልጠብቅ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው የሚናቅ አይደለም።

እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. በአውስትራልያ፣ ፖርት አርተር በተባለው ስፍራ አንድ ሰው እንዲህ ያለ መሣሪያ ይዞ 35 ሰዎች ገደለ። በ12 ቀን ውስጥ መንግሥቱ ከክፍላተ ሀገሩ ጋራ ስለ አዲስ ሕግ ተስማማ። ብዙ ገበሬዎች ተቃወሙ፤ ቢሆንም ከ600,000 የሚበልጥ መሣሪያ ዋጋው ለባለቤቱ እየተከፈለ ተሰበሰበ። ገበሬውም ባዶ እጁን አልቀረም፤ ጥይቱ በየተኩሱ በእጅ የሚጎርሰው ጠመንጃ በፈቃድ ተተወለት።

የአያቴም አሮጌ ምንሽር የዚያው ዓይነት ነው። እርሱንስ ማን ይውሰድባቸው አለ?