ሳልሞንን ስለሚፈጀው ትል



የዛሬው ነገሬ ስለ አንድ ጥገኛ ትል ነው። ስሙ ጋይሮዳክቲለስ ሳላሪስ ሲሆን ርዝመቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ነው። በ16 ጥቃቅን መንጠቆዎች የዓሣን ቆዳ ይዞ ይመገባል። እንቁላል አይጥልም፤ ይወልዳል። የሚገርመውም፣ ገና ያልተወለደው ልጅ በሆዱ ሌላ ፅንስ መያዙ ነው። እንግዲህ አንዱ ብቻ ወንዝ ቢገባ እንዴት እንደሚረባ ገምቱት።

የባልቲክ አካባቢ ሳልሞን ከትሉ ጋር ለዘመናት ስለኖረ እምብዛም አይጎዳም። እ.ኤ.አ. በ1975 ግን ትሉ ኖርዌይ ውስጥ ተገኘ፤ ያመጡትም ለእርባታ ከስዊድን የተጫኑ ዓሦች ናቸው። የኖርዌይ ሳልሞን አያውቀውም ነበርና በየወንዙ ጫጩቶቹ አለቁ። ውሎ አድሮ ወደ 50 ወንዞች ተበከሉ።

መድኃኒቱም ከበሽታው ያላነሰ ያስፈራል። ትሉ ያለ ዓሣ ብዙ ቀን አይቆይምና፣ ወንዙ ውስጥ ሮቴኖን ጨምረው ዓሣውን በሙሉ ይገድላሉ። (በአገራችን ዓሣ ማደንዘዣ የሆነው የብርብራ ፍሬም ይኸው መርዝ አለበት።) አስቀድመው ግን የዚያኑ ወንዝ ሳልሞን ዘር ለይተው በሌላ ሥፍራ ያኖራሉ፤ ወንዙ ሲጠራ ይመልሱለታል።

ይህ ግፍ ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን ዝም ቢባል ትሉ ጨው በሳሳበት የባሕር ወሽመጥ በኩል ወደ ጎረቤት ወንዝ ይሻገራልና፣ እኔ ደግ አደረጉ እላለሁ። ከተበከሉት ወንዞች አብዛኞቹ ዛሬ ከትሉ ነጽተዋል።