ስለ ተጣበቀ መንኰራኵር የተነገረ



ከቢቸናና ከሞጣ ወደ ሮብ ገበያ የመጣችሁ ሁሉ፣ ብዙ ክረምት ዝናም ሲመታው የኖረ አሮጌ ትራክተር ለመጠገን ብትነሡ፣ የመንኰራኵሩ እምብርት ከአክስሉ ጋራ ተጣብቆ አልለቅም ይላችኋል። ያን ጊዜ ጐልማሶች መዶሻ ያነሣሉ። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ግን በምት ይሰነጠቃል፤ ለአሮጌ መኪናም ምትኩ በቀላሉ አይገኝም።

የሚያጣብቀው ዝገት ነው። የዛገ ብረት ካልዛገው ይልቅ ሰፊ ስፍራ ይሻልና፣ በጠባቡ መካከል ገብቶ እንደ ሽብልቅ ይወጥራል።

ስለዚህ መኪናው በክሪክ ብቻ አይታመን፤ በወፍራም ግንድ ይደገፍ። ጎማውም አስቀድሞ ይውለቅ፤ እሳት ያገኘው ጎማ ፈንድቶ ሰው ይገድላል። ከዚህ በኋላ ላምባና ዘይት ተቀላቅሎ በመገጣጠሚያው ይንጠብ፤ አንድ ሌሊት ይደር፤ ቢያሻው ሦስት። ትዕግሥት ያነሰው ሰው ይህን ሥራ አይጀምር።

ዘይቱ በደኅና ከተጠረገ በኋላ እምብርቱ ብቻ ዙሪያውን በእኩል ይሙቅ፤ አክስሉ አይሙቅ። ማረሻ እንደሚቀጠቅጥ ሰው እስኪቀላ ድረስ አይሁን። ስፋቱ 100 ሚሊሜትር የሆነ የብረት ቀዳዳ ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር በ0.12 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል። መምህራን ይህን ለተማሪዎቻችሁ በሰሌዳ አሳዩአቸው፤ የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ከዚያ በኋላ ባለ ሦስት ክንዱ መጎተቻ በቀስታ ይጥበቅ። የአክስሉን ዳዶ ግን ፈጽማችሁ አትፍቱ፤ በጥርሱ ጫፍ ላይ ይቆይ። እምብርቱ በድንገት ሲለቅ ተወርውሮ ይወጣልና፣ ከፊቱ ማንም አይቁም።