የሲናርና የሙጃ ዘር ወደ ማሳው እንዳይመለስ



ስለ ፀረ አረም ስንነጋገር አብዝቶ የሚነሣው ጥያቄ «ዘንድሮ የትኛው ይገድልልናል?» የሚል ነው። እኛ ግን ጥያቄውን ወደሚመጣው ዓመት ልንወስደው እንወዳለን። በስንዴ መካከል የቆመ ሲናር ምግብና ውኃ ይሻማል፤ የከፋው ጉዳቱ ግን ስንዴው ከመታጨዱ አስቀድሞ ፍሬውን ማርገፉ ነው። የረገፈውም ሁሉ በአንድ ክረምት አይበቅልም፤ ከፊሉ በአፈር ውስጥ ተኝቶ ዓመታትን ይቆያል። የሙጃ ዘር ደግሞ ደቃቅና እጅግ ብዙ ነው። ስለዚህ ከርጭት የተረፉ ጥቂት እግሮች ጥቂት ተብለው አይናቁም።

በወንጌል እንክርዳዱ እስከ መከር እንዲቆይ መባሉን ጠቅሰው አረሙን የሚተዉ አሉ። ምሳሌው ስለ ፍርድ የተነገረ እንጂ የእርሻ መመሪያ አለመሆኑን ማስረዳት የእናንተ የካህናት ድርሻ ነው።

ብዙ ገበሬ የሚያውቀው ቱፎርዲ ቅጠለ ሰፊውን አረም እንጂ ሣርን አይገድልም። እርሱን ብቻ መርጨት ለሲናሩ ቦታ ማስለቀቅ ነው። ለስንዴ የተሠሩት ክሎዲናፎፕና ፒሮክሱላም ስንዴውን ትተው ሲናርን ይይዛሉ፤ ገብስን ግን ይጎዳሉ። የሚረጩትም ሣሩ ገና ጥቂት ቅጠል ሳለ ነው፤ ዛላ ካወጣ በኋላ መርጨት ገንዘብ መበተን ነው። በየዓመቱ አንዱን ብቻ መደጋገም ደግሞ መድኃኒቱን የሚቋቋመው ሣር ብቻ ዘር እንዲጥል ያደርጋል። የሁለቱ አሠራር የተለያየ ነውና ይፈራረቁ፤ ስንዴም በስንዴ ላይ ከሚዘራ ባቄላ ይግባ።

በአውስትራሊያ ገበሬዎች በግጦሽ መሬት ላይ ሣሩ ሲያብብ ጥቂት መጠን ግሊፎሴት ይረጩና ዘር እንዳይቋጥር ያደርጋሉ። ይህ በቆመ ስንዴ ላይ ከተደረገ ሰብሉን ያጠፋል። በድንበርና በቦይ ዳር ለሚበቅለው ሙጃ እኛ ማጭድን እንመርጣለን፦ ሳያፈራ ታጭዶ ለከብት ይሁን፤ ካፈራ በኋላ ከተሰጠ ግን አንዳንዱ ዘር በፋንድያ ተመልሶ ማሳ ይገባል። በስንዴው ውስጥ ከርጭት የተረፈውንም ፍሬው ሳይበስል ሰንበቴውና ማኅበሩ በደቦ ይንቀሉት። ይህ ሥራ ወደ ማሳው የሚመለሰውን ዘር ይቀንሳል።

የሚረጨው ሰው ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያድርግ፤ ነፋስ ባለበት ሰዓትና ከምንጭ አጠገብ አይርጭ። ባዶው ዕቃ ታጥቦም ቢሆን ለውኃ፣ ለዘይት፣ ይልቁንም ለጠበል መቅጃ አይሁን፤ ተበስቶ ከጥቅም ውጭ ይደረግ።