«ማን አለ?» ሳይሆን «ማስረጃው የት አለ?»

(በጉኑኖ ለተሰበሰቡ ወንድሞችና እህቶች የተደረገ ንግግር)



የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች! በ2004 ከአወሊያ ጥያቄያችንን ካነሳን ወዲህ ደጋግመን የሰማነው መልስ አንድ ነው፦ «መጅሊሱ ብሏል፤ እናንተ ማን ናችሁ?»

የመጅሊስ ምርጫ በመስጂዶቻችን ይሁን አልን። በመስከረም 2005 በቀበሌ ተካሄደ። እኛ ማስረጃችንን አቅርበናል፦ ቀበሌ የመንግሥት መዋቅር ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ደግሞ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ይከለክላል። ለዚህ መልሱ ሌላ ማስረጃ እንጂ የባለሥልጣን ስም ሊሆን አይችልም። ማኅተም ደብዳቤን ያጸናል፤ ሐሰትን ግን እውነት አያደርግም።

ይህ አዋቂን እንናቅ ማለት አይደለም። ሐኪም ስለ በሽታ፣ ዓሊም ስለ ሸሪዓ ሲናገር እናደምጣለን። የምናደምጠው ግን ስለሚያውቅ፣ ሲጠየቅም ማስረጃውን ስለሚያሳይ ነው። እዚሁ ጉኑኖ በ1970ዎቹ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ሲቋቋም ባለሙያዎቹ «ተምረናልና እመኑን» ብለው አልተቀመጡም፤ ዝናቡንና ከማሳው ታጥቦ የሚሄደውን አፈር ለኩ።

ታሪካችንም ይህንኑ ያስተምረናል። ኸሊፋው መእሙን በ833 እ.ኤ.አ. «ቁርኣን ፍጡር ነው» የሚለውን አቋም በዑለማዎች ላይ ጫነ። ኢማም አሕመድ ታሰሩ፤ በተከታዩ ኸሊፋ ዘመንም ተገረፉ። እሳቸው ግን ከቁርኣንና ከሱና ማስረጃ እንዲመጣላቸው ከመጠየቅ አልተመለሱም። ሥልጣኑም ጅራፉም በኸሊፋው እጅ ነበር፤ ማስረጃው ግን አልነበረም።

ወንድሞችና እህቶች! ሚዛኑ ለእኛም ነው። «እገሌ ኡስታዝ ብሏል» ብቻውን ለሌላው ማስረጃ አይሆንም። የምንወደው ሰው ሲናገርም ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ጉዳዩን ያውቀዋል? ያለ ፍርሃትና ያለ ጥቅም ነው የተናገረው? ማስረጃውስ ምንድን ነው? አቡበክር (ረ.ዐ) ኸሊፋ በሆኑ ጊዜ ሕዝቡ ሲሳሳቱ እንዲያቀኗቸው ጠይቀዋል። ከእሳቸው በላይ አይጠየቄ መሪ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ በየገበያው፣ በየእድሩ፣ ሙስሊም ካልሆነው ጎረቤታችንም ጋር ስንነጋገር ድምጻችንን ዝቅ፣ ማስረጃችንን ከፍ እናድርግ። ማንንም አንሳደብ። «ማን ናችሁ?» ለሚለን «ጥያቄያችን ይኸውና፤ መልሱን ከነማስረጃው ስጡን» እንበል።

አላህ እውነትን አውቀው ከሚከተሉት ያድርገን!

ድምጻችን ይሰማ!