ማብቂያ የሌለው ስክሪን እና የቤተሰብ ሕግ



የዚህ ገለጻ አዘጋጆች ያቀረቡልኝ ጥያቄ አጭር ነበር፤ «ልጅ በቀን ስንት ሰዓት ስክሪን ቢያይ ጤናማ ነው?» የሚል። ቁጥሩን ተናግሬ መቀመጥ እችላለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ተቀምጦ ስክሪን እንዲያይ አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው ልጅ ደግሞ ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ቢያንስ ይሻላል ይላል። ቁጥሩ ይኸው ነው። ዳሩ ግን ይህን ቁጥር የሰማ ወላጅ ብዙ ሆኖ ሳለ በቤቱ ሊፈጽመው የቻለው ጥቂት ነው። እኔም ካልቻሉት አንዱ ነኝ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ቁጥሩ ሳይሆን ስላልቻልንበት ምክንያት መናገርን መርጫለሁ።

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ቴሌቪዥን የነበረው በአንድ ቤት ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ቢጀምርም፣ ወደ እኛ ሰፈር ለመድረስ ብዙ ዓመታት ፈጅቶበታል። የአባባ ተስፋዬን ተረት ለማየት ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ወለሉ ላይ ተኮልኩለን እንቀመጥ ነበር። ተረቱ ሲያልቅ የቤቱ እመቤት «በሉ እንግዲህ፣ ወደየቤታችሁ» ይሉናል። ማንም ቅር አይለውም ነበር ብል እዋሻለሁ። ይሁንና የምንከራከረው ሰው አልነበረም፤ ፕሮግራሙ አልቋል። ጣቢያው ራሱ ምሽቱ ሲገፋ ይዘጋል። እናቴ ስለ ስክሪን ሰዓት ሕግ ማውጣት አላስፈለጋትም፤ ጣቢያው አውጥቶላት ነበር። ይህን ስል ያን ዘመን ማወደሴ አይደለም። የሚታየው ነገር ጥቂት፣ የሚመርጥልንም ሌላ ነበር። ላሳያችሁ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማብቂያ ነበረው።

ዛሬ በልጆቻችን እጅ ያለው ስክሪን እንዳያበቃ ተደርጎ የተሠራ ነው። ጣት ወደ ላይ በገፋ ቁጥር አዲስ ነገር የሚያመጣውን ማለቂያ የሌለው ገጽ እ.ኤ.አ. በ2006 የፈለሰፈው አዛ ራስኪን የተባለ አሜሪካዊ የዲዛይን ባለሙያ ሲሆን፣ ሰውየው ኋላ ላይ መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። ዩቲዩብ አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ማንም ሳይጠይቀው ቀጣዩን ያስከትላል። በቲክቶክ ደግሞ መጨረሻ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም።

እንግዲህ ከአራት ዓመት ልጅ እጅ ስልክ ስትወስዱ ምንጊዜም ከመካከል ነው የምትወስዱት፤ ሁሉም ቦታ መካከል ነውና። የሚከተለውን ጩኸት ብዙዎቻችን የብልግና ምልክት አድርገን እናየዋለን። ለእኔ ግን በልቶ ሳይጨርስ ሳህኑ የተነሣበትን ሰው ቁጣ ይመስለኛል። ሰዓት ማንበብ ለማይችል ልጅ «20 ደቂቃ ብቻ» ማለት ምንም ማለት አይደለም። «የፀሐይ መማር ትወዳለችን ሁለት ክፍል አይተን እንዘጋለን» ቢባል ግን ይገባዋል። ሁለቱን ክፍሎች አስቀድሞ አውርዶ፣ ዳታውን አጥፍቶ ማሳየት ይቻላል። ሲያልቅ ያልቃል፤ ሦስተኛ ክፍል የለም። (የጥቅል ገንዘብም ይተርፋል።) ቀድሞ ጣቢያው ይሠራው የነበረውን ሥራ አሁን ወላጁ ይሠራል ማለት ነው።

ሰዓት መቁጠር ብቻውን ምን ያህል ይነግረናል? ተመራማሪ ለሆናችሁት ይህ ክፍል ይጠቅማችኋል። ኤሚ ኦርበንና አንድሩ ፕርዚቢልስኪ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ሥራ ከ350 ሺህ በላይ ታዳጊዎችን የሚመለከት መረጃ መርምረው፣ በታዳጊዎች የደኅንነት ስሜት ላይ ከሚታየው ልዩነት የዲጂታል ቴክኖሎጂ አጠቃቀም የሚያብራራው ቢበዛ 0.4 በመቶ ብቻ እንደሆነ አሳይተዋል። ይህን ውጤት «ስክሪን አይጎዳም» ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው። አማካይ ቁጥር አንዱን ልጅ ከሌላው አይለይም፤ ጥናቱም ስለ ሕፃናት አይናገርም። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው፦ «ስንት ሰዓት?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «በየትኛው ሰዓት? በምን ፈንታ?» የሚለው የበለጠ ይጠቅመናል።

ንግግርን እንውሰድ። ፓትሪሻ ኩልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት የማንዳሪን ቻይንኛ እንዲሰሙ ተደረገ። ከፊሎቹ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ከሚያጫውታቸው ሰው፣ ከፊሎቹ ደግሞ ያንኑ ሰው ከስክሪን ሰሙ። የቋንቋውን ድምፆች መለየት የቻሉት ከሰው የሰሙት ብቻ ነበሩ። አዲስ አበባ ውስጥ «ልጄ እንግሊዝኛውን ከዩቲዩብ ለመደው» የሚል ወላጅ ዘወትር ያጋጥመኛል። ከፍ ያለ ልጅ ከስክሪን ቃላት መልመዱ እውነት ነው። እኔ የምጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ በዚያው ሰዓት ከልጁ ጋር በየትኛውም ቋንቋ የተነጋገረ ሰው ነበር? በአንጻሩ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ18 ወር በታች ላሉት ስክሪን ይቅር ሲል በቪዲዮ መነጋገርን ለይቶ ፈቅዷል። ዋሽንግተን የተወለደ የልጅ ልጇን ደሴ ሆና በስልክ የምታጫውት አያት ልታፍር አይገባትም። እዚያ ስክሪኑ ውስጥ የሚመልስለት ሰው አለ።

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልመለስ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርቱ በቴሌግራም ስለመጣ ለልጄ ስልክ ሰጠኋት። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ስልኩ አልተመለሰም። በመጨረሻ በትልቁ ጽፌ «በቀን 1 ሰዓት፤ በምግብ ሰዓት ክልክል» የሚል ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍሁ። በማግሥቱ ከሥሩ በእርሳስ «አባዬስ?» የሚል ተጽፎ አገኘሁ። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ «የእኔ ሥራ ነው» የሚል ነበር። እውነትም የተማሪ ጥናታዊ ጽሑፍ ማዕድ ላይ ሆኜ አነብ ነበር። ስልኩ የሚመዘግበውን ስከፍተው ግን ያ ሳምንት በየቀኑ ከአራት ሰዓት በላይ ይላል፤ ከዚያ ውስጥ ሥራ የሚባለው ግማሹም አልነበረም። ወረቀቱን አነሣሁት። ባለቤቴ ሳሎን ያለውን ባዶ ሞሶብ ከፈተችና ከእራት እስከ ንጋት የሁላችንም ስልክ እዚያ እንዲገባ ተስማማን። በመጀመሪያው ሳምንት ሕጉን ሦስት ጊዜ ያፈረስሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ማሻሻያ አደረግን፤ የተጠራ ስልክ ይነሣል፣ ተነጋግሮ ወደ ሞሶቡ ይመለሳል። ልጄ አሁን አድጋለች፤ ዛሬም ትከራከረናለች። በተለይ የሌሊት ጥቅል ርካሽ በመሆኑ «ገንዘብ እኮ እቆጥብላችኋለሁ» ትላለች። በዚህ ላይ አልተረታሁም። የቀን ሰዓት ላይ እደራደራለሁ፤ እንቅልፍ ላይ ግን አልደራደርም። ያ መመሪያ ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጅ በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ይሻል ይላል፤ አልጋ ውስጥ የገባ ስልክ መጀመሪያ የሚነካው ይህንን ነው።

ስለ ሞግዚቶችም አንድ ነገር ልበል። በአራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም፣ ግቢ በሌለበት፣ ሁለት ልጆች እየጠበቀች ወጥ የምትሠራን ወጣት «ስልክ እንዳትሰጫቸው» ብሎ መውጣት ፍትሐዊ አይደለም። ወይ ከሥራው አንዱን አንሡላት፣ ወይ ልጆቹን ለአንድ ሰዓት ወደ ታች የምታወርድበት ጊዜ ስጧት። ይህን ሳናደርግ ሕግ ካወጣን የቤቱን ችግር በእርሷ ላይ መጫናችን ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ እኛን መምህራንን ይመለከታል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ በቴሌግራም የቤት ሥራ የሚልክ መምህር የሠላሳ ቤተሰብ ሕግ በአንድ መልእክት ያፈርሳል። ልጄን «ስልኩን አስቀምጪ» ባልሁባት ምሽት እንዲህ ያለ መልእክት መጥቶ አሸንፋኛለች። ከዚያ በኋላ ነው እኔ ራሴ ለእናንተ በስንት ሰዓት እንደምልክላችሁ ያየሁት። ካለፈው ሴሚስተር ከላክኋቸው የቤት ሥራዎች አብዛኞቹ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የሄዱ ናቸው። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ በክፍላችሁ ግሩፕ ላይ ከእኔ ምንም አይመጣም፤ ከመጣ ለክፍል ተጠሪያችሁ ንገሩልኝ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እሰማለሁ።